የሣር ክዳን በቆርቆሮ ሲተካ ከጣሪያው ሥር ምን ይነጠፍ?

ከገጠር ልማት ዘጋቢያችን

በገጠሩ የሀገራችን ክፍል ቤቱን ቆርቆሮ የሚያለብሰው ገበሬ ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ መምጣቱ የሚታወቅ ነው። ቆርቆሮ በየጥቂት ዓመቱ ሣር አጭዶ ክዳን ከመቀየር ድካም ያሳርፋል። ከጎረቤት የሚበር የእሳት ፍንጣሪም በቀላሉ አያያይዘውም። ይሁን እንጂ የሣሩ ክዳን ተነሥቶ በምትኩ ስስ ብረት ብቻ ሲቀመጥ ቤቱ ቀን የሚያተኩስ፣ ሌሊት የሚያንዘፈዝፍ፣ ንጋት ላይ ደግሞ ከላይ የሚያንጠባጥብ እንደሚሆን በቆርቆሮ ቤት የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ጉዳቱ በቤተ ሰቡ ምቾት ላይ ብቻ የሚያቆም ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላነጋገረ ነበር። ነገር ግን በዚያው ጣሪያ ሥር ለመጪው ክረምት የሚዘራው ዘር ተቀምጧል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የገበሬ ማኅበራትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች የአባሎቻቸውን አሮጌ ቤቶች፣ እንዲሁም የማኅበሩን አዳራሽና መጋዘን ለማሻሻል ሲነሡ ከቆርቆሮው ሥር የሚነጠፈውን ዕቃ በምን መመዘኛ መምረጥ እንደሚገባቸው ማስረዳት ነው። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ሲነገር፣ ንጣፉ የሚመረጠው ነጋዴው ባቀረበው ዕቃ ሳይሆን በቦታው አየር፣ በቤቱ እንጨት ጥንካሬና በምድጃው አቀማመጥ ነው።

የሣሩ ክዳን ይሠራው የነበረ ሥራ

የሣር ክዳን ሙቀትንና ብርድን የሚከላከለው በሣሩ መካከል ተይዞ በሚቆመው አየር አማካይነት ነው። የቆመ አየር ሙቀትን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው በቀላሉ አያሳልፍም። አንድ ክንድ ለመሙላት ጥቂት የቀረው የሣር ክዳን ማለት እንግዲህ ወፍራም የአየር ብርድ ልብስ ማለት ነው። በተጨማሪም ክዳኑ እርጥበትን እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ያስተነፍሳል፤ የምድጃው ጢስም በሣሩ መካከል ሾልኮ ይወጣል፤ ሲወጣም ነፍሳትን ያባርራል።

አባቶች ይህን ጥቅም አሳምረው ያውቁ ነበር። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ሣር “ቄሮ” በሚባለው የጥበቃ ሥርዓት ለብዙ ዘመናት እየጠበቀ የኖረው ከሌሎች ጥቅሞቹ ጋር ለቤት ክዳን ስለሚሻው ነው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ ቄሮው ቢቀርም፣ ነዋሪው ሣሩን የመጠበቁን ልማድ በሌላ መልክ ቀጥሎበታል።

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ባለ 35 ጌጅ ቆርቆሮ ግን ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ እንኳ አይሞላም። የጌጁ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው የሚሳሳ መሆኑንም ገዢዎች ሊዘነጉት አይገባም። በጠራራ ፀሐይ የቆርቆሮው ገጽ ሙቀት ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ ያን ሙቀት እንደ ምጣድ ወደ ታች ይለቅቀዋል። ሰማይ በጠራበት ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየሰጠ በዙሪያው ካለው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ቆርቆሮ ዝናብን የሚመልስ ክዳን ነው እንጂ ሙቀትንና ብርድን የሚከላከል ክዳን አይደለም። ይህን ሁለተኛ ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር ከሥሩ ያስፈልገዋል።

ያፈስሳል ወይስ ያልበዋል?

ብዙ ሰው ንጋት ላይ ከጣሪያው ውሃ ሲንጠባጠብ ቆርቆሮው የተበሳ ይመስለውና ሬንጅ ገዝቶ ይለቀልቃል፤ በማግስቱም ውሃው ይንጠባጠባል። እንዲህ የሚሆነው ውሃው ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ የመጣ በመሆኑ ነው። የተኛ ሰው በትንፋሹና በገላው በሰዓት ወደ 40 ግራም የሚጠጋ ውሃ ወደ አየር ይለቅቃል። ስድስት ሰዎች ስምንት ሰዓት ቢተኙ ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ ውሃ በቤቱ አየር ውስጥ ይሆናል ማለት ነው። የወጡ እንፋሎት፣ በረት ውስጥ ያደሩት ከብቶች ትንፋሽ፣ በደንብ ያልደረቀው እህል እርጥበት ሲጨመርበት መጠኑ ከዚህ ይበልጣል። ይህ እርጥብ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ልክ በድስት ክዳን ላይ እንደሚታየው ወደ ውሃነት ይለወጣል። በተለምዶ ቆርቆሮው አላበው የሚባለው ይኸው ነው።

ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው ማስተዋል ብቻ ነው። ውሃው የሚታየው ዝናብ ሲዘንብ፣ በአንድ በተወሰነ ቦታ ላይ ከሆነ ቆርቆሮው ያፈስሳል። ውሃው የሚታየው ዝናብ በሌለበት፣ ለምሳሌ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዳማ ንጋት፣ በሰፊው የጣሪያ ክፍል ላይ ከሆነ ቆርቆሮው አልቦታል። የሚያፈስሰው በምስማርና በቆርቆሮ ይጠገናል። የሚያልበው የሚስተካከለው ግን በነፋስ መተላለፊያና በንጣፍ ነው። ይህን ሳይለዩ ገንዘብ ማውጣት ገንዘብን በወንፊት መስፈር ይሆናል።

ከንጣፉ በፊት መሠራት ያለባቸው ሥራዎች

በመጀመሪያ የቤቱ እንጨት ይመርመር። በአሮጌ ቤት የባሕር ዛፉ ምሰሶ ከላይ ደህና መስሎ ሥሩን ምስጥ በልቶት ሊገኝ ይችላል። በወስፌ ወይም በቢላዋ ጫፍ ሲወጋ በቀላሉ የሚገባለት እንጨት ተጨማሪ ሸክም ሊጫንበት አይገባም። ምሰሶው፣ ወራጁና ቆርቆሮው የተመታበት ሞራሌ በአናጢ ታይቶ የተበላው መለወጥ አለበት።

ሁለተኛ፣ የሚያፈስሰው ይደፈን። የቆርቆሮ ምስማር መመታት ያለበት በሞገዱ ጉብታ ላይ፣ ከነጎማው ነው። ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ የተመታ ምስማር ውሎ አድሮ ማፍሰሱ አይቀርም። እርጥብ ሲሚንቶና ኖራም የቆርቆሮውን የዚንክ ቅብ ስለሚበሉት ቀዳዳን በእነርሱ መድፈን አይመከርም።

ሦስተኛ፣ የነፋስ መተላለፊያ ይከፈት። ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣልና ከቤቱ ጉልላት ወይም ከሁለቱ የሦስት ማዕዘን ግድግዳዎች አናት መውጫ፣ ከክዳኑ ክፈፍ ሥር ደግሞ መግቢያ ያስፈልገዋል። ቀዳዳዎቹ አይጥና ወፍ በማያሳልፍ ወንፊት ሽቦ ይሸፈኑ። በንጣፉና በቆርቆሮው መካከልም ቢያንስ አራት ጣት የሚያህል ክፍት ቦታ ይተው። ንጣፉ ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቆ ከተቀመጠ ላቡን ይጠጣና ይሻግታል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ተገቢ ነው። በአንዳንድ አሮጌ የመሥሪያ ቤት ሕንፃዎች ላይ “ኢተርኒት” የሚባለው ግራጫ የሲሚንቶ ክዳን ይገኛል። በቀድሞ ዘመን የተሠራው ይህ ክዳን አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን ሊኖርበት ይችላል። ሲሰበር፣ ሲበሳ ወይም ሲፋቅ የሚወጣው ብናኝ በትንፋሽ ሲገባ የሳንባ ካንሰርን ጨምሮ ከባድ በሽታ ያመጣል። እንዲህ ያለ ክዳን ያለው ማኅበር በደቦ ለማፍረስ ከመነሣቱ በፊት የወረዳውን ጤናና ኮንስትራክሽን ባለሙያዎች ማማከር ይኖርበታል።

ለቆላ ነፋስ፣ ለደጋ ንጣፍ

ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ለመተማ የሚስማማው ጣሪያ ለደብረ ብርሃን አይስማማም።

በቆላ ዋናው ችግር ከቆርቆሮው ወደ ታች የሚወርደው የቀን ሙቀት ነው። እዚያ ሰፊ የነፋስ መተላለፊያ፣ ነጭ የጣሪያ ቀለምና የሚያንጸባርቅ ገጽ ከሁሉ ይልቅ ይጠቅማሉ። በደጋ ደግሞ ዋናው ችግር ሌሊት የቤቱ ሙቀት ወደ ላይ ማምለጡ ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ከኮርኒሱ በላይ የሚነጠፍ ወፍራምና ደረቅ ንጣፍ ነው። የነፋሱ መተላለፊያ የሚከፈተውም ከንጣፉ በላይ እንጂ በተኙት ሰዎች ራስ ላይ አይደለም። በወይና ደጋ ሁለቱም በመጠን ይደረጋሉ።

ዕቃዎቹ ሲመዘኑ

አቡጀዴና የማዳበሪያ ከረጢት፦ በብዙ ቤቶች ኮርኒስ የሚባለው የተወጠረ አቡጀዴ ወይም የተሰፋ ከረጢት ነው። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ አቧራና ጥላሸት ይይዛል፤ ለቤቱም መልክ ይሰጣል። በራሱ ግን ስስ በመሆኑ የሚከላከለው ጥቂት ነው። ከረጢቱ ፕላስቲክ እንደ መሆኑ እሳት ሲይዘው እየቀለጠና እየነደደ ይንጠባጠባል። ስለሆነም ምድጃ ባለበት ክፍል ፈጽሞ መወጠር የለበትም።

ጭቃ፦ አንዳንድ ቤቶች በኮርኒሱ ላይ ወፍራም ጭቃ ይለቀለቅባቸዋል። ጭቃ እሳትን ይከላከላል፤ ሙቀትን ግን ከጭድ እጅግ በበለጠ ያሳልፋል። 10 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ጭድ የሚሠራውን ሥራ ጭቃው ብቻውን ይሥራ ቢባል ውፍረቱ ከግማሽ ሜትር ማለፍ ይኖርበታል። ክብደቱም አስጊ ነው። 40 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ቤት ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢለቀለቅ ጭቃው ደርቆ እንኳ ወደ 20 ኩንታል ይጠጋል። ይህን በአሮጌ ምሰሶ ላይ ጭኖ ከሥሩ ልጆችን ማስተኛት አደጋ ነው።

ጭድ፣ ገለባና ሰንበሌጥ፦ ለደጋ ገበሬ ከሁሉ የቀረበውና የተሻለው ይህ ነው። በዚያው በ40 ካሬ ሜትር ቤት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጭድ ረገጥ ረገጥ ተደርጎ ቢነጠፍ 4 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ክብደቱም 3 ኩንታል ገደማ ነው። ከሥሩ የሸምበቆ ወይም የቀርከሃ ምንጣፍ ይሸከመዋል፤ እንደ አዊ ባሉ ቀርከሃ አብቃይ አካባቢዎች ምንጣፉን ከባለሙያ ማሠራት ይቻላል። ከጭዱ በላይና ከምንጣፉ ሥር ስስ የጭቃ ልቅላቄ ቢደረግለት ፍንጣሪና አይጥ እንዳይገባበት ይረዳል። ልቅላቄው ሁለቱ ወገን ተደምሮ ከ1 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ 6 ኩንታል ያህል ይጨምራል። ጭዱ በፀሐይ የደረቀና ፍሬ ያልቀረበት ይሁን። ፍሬ ያለበት ጭድ አይጥን ይጠራል።

ነገር ግን ጭድ ነፃ ዕቃ ነው ብሎ መነሣት ስሕተት ነው። 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን በሬ በቀን 6 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። ጣሪያው የሚወስደው 3 ኩንታል ጭድ እንግዲህ ለአንድ በሬ የ50 ቀን ቀለብ ነው። በበጋው መጨረሻ መኖ በሚያጥርበት አካባቢ ለቤቱ ሲባል በሬውን ማስራብ ልማት አይባልም። ስለዚህ ከብት አጥብቆ የሚወደው የጤፍ ጭድ ለመኖ ይቀመጥ፤ ለጣሪያው የስንዴ ገለባ፣ ሰንበሌጥ ወይም ከአሮጌው ክዳን ላይ የተመረጠና በፀሐይ የደረቀ ንጹሕ ሣር ይዋል።

ቺፑድና ኮምፔንሳቶ፦ ሲታዩ ያምራሉ፤ የዝናቡንም ድምፅ በመጠኑ ያበርዳሉ። ለማኅበር አዳራሽ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ በክረምት ቆርቆሮ ብቻ በለበሰ አዳራሽ ውስጥ ተናጋሪው ለሦስተኛው መደዳ እንኳ አይሰማም። ሆኖም ቺፑድ ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ይፈረፈራል። ጣሪያው ሳይጠገን ቺፑድ መምታት ገንዘብ መጣል ነው። ከበላዩ ጭድ ቢጨመርለት ሥራው ይሟላል።

የመስታወት ሱፍና ፎም፦ የመስታወት ሱፍ አይነድም፤ በቀላል ክብደት ብዙ ይከላከላል። ሲነጠፍ ግን ቆዳን ያሳክካልና እጅን፣ አፍንጫንና ዓይንን መሸፈን ያሻል፤ ውሃ ከጠጣም ጥቅሙ ይጠፋል። ነጩ ፎም በበኩሉ ውሃ ባይጠጣም በቀላሉ ይነድዳል፤ ጢሱም መርዛም ነው። እሳት በሚነድበት ቤት ያለ መሸፈኛ መጠቀም አይገባም።

አንጸባራቂ ፎይል፦ የአሉሚኒየም ገጽ ከቆርቆሮው የሚወርደውን ሙቀት አብዛኛውን ይመልሳል፤ ስለዚህ ለቆላ ተስማሚ ነው። ሥራውን የሚሠራው ግን አጠገቡ ክፍት አየር ሲኖር ነው። የሚያብረቀርቀው ወገን ወደ ታች ቢዞር አቧራ ስለማይተኛበት ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል። ወደ ላይ ዞሮ አቧራ የለበሰ ፎይል ከተራ ወረቀት እምብዛም አይለይም።

ከዕቃዎቹ ምርጫ ጋር የምድጃው ጉዳይ አብሮ መታየት አለበት። በሣር ክዳን ሾልኮ ይወጣ የነበረው ጢስ በቆርቆሮና በኮርኒስ ሲታፈን ሰዎቹን ያሳምማል። ማዕድ ቤቱን ከመኝታው መለየት፣ ካልተቻለም ከምድጃው በላይ ከነንጣፉ የሚያልፍ የጢስ ማውጫ መሥራትና በዙሪያው ጭድ እንዳይደርስ በጭቃ መከለል ግዴታ ነው።

የዘሩ ጉዳይ

በዘር አጠባበቅ ሙያ የታወቀ አንድ ደንብ አለ። ዘሩ ያለበት ቦታ ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዝቅ ባለ ቁጥር፣ ወይም የዘሩ እርጥበት በመቶ 1 እጅ በቀነሰ ቁጥር ዘሩ የመብቀል ኃይሉን ይዞ የሚቆይበት ጊዜ እጥፍ ያህል ይሆናል። በሙቅ ጣሪያ ሥር በቆጥ ላይ የተሰቀለ ዘር እንግዲህ ዕድሜው በየቀኑ ይበላል። ነቀዝም በሙቀት ይራባል፤ ከላይ የሚንጠባጠበው ላብ ደግሞ ሻጋታ ያመጣል። በሰኔ ወይም በሐምሌ ተዘርቶ ሳይበቅል የቀረ ማሳ ምክንያቱ አንዳንዴ ከመሬቱም ከዝናቡም ሳይሆን ከጣሪያው ነው።

ጣሪያው ቢስተካከልም እርጥብ እህል ካስገቡበት ዋጋ የለውም። የእህል እርጥበት ለማከማቻ በመቶ ከ12 እስከ 13 ቢሆን ይመረጣል። መለኪያ መሣሪያ በሌለበት በጨው መሞከር ይቻላል። በደንብ የደረቀ ጥቂት የደቀቀ ጨው በደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ይጨመር፤ እህል እስከ ሲሶው ይሞላበት፤ ጠርሙሱ ተከድኖ ለጥቂት ደቂቃዎች ይነቅነቅና ይቀመጥ። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ በመቶ ከ15 በላይ እርጥበት አለው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ጨው ካልተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በታች ነው፤ ሆኖም ለዘር የሚቀመጠውን ተጨማሪ ፀሐይ ማሳየት ይበጃል። ጆንያዎቹም ከመሬት በርብራብ ከፍ ብለው፣ ከግድግዳና ከጣሪያ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ርቀው ይደርደሩ።

የማኅበሩ መሪዎች ድርሻ

በ1970ዎቹ ዓ.ም. ለገበሬ ማኅበራት ከተሠሩት አዳራሾችና መጋዘኖች መካከል ዛሬም በአገልግሎት ላይ ያሉ አሉ። እነዚህ ቤቶች ለአባላት ማስተማሪያ ሊሆኑ ይችላሉ። ማኅበሩ ለሁሉም አባል ዕቃ በጅምላ ከመግዛቱ በፊት በስፋትና በአቀማመጥ የሚመሳሰሉ ሁለት ቤቶች ይምረጥ፤ አንዱን ያንጥፍ፤ ሌላውን እንዳለ ይተወው። በሁለቱም ቤት በሰው ቁመት ልክ ቴርሞሜትር ይሰቀል፤ ከቀኑ 8 ሰዓትና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ለሁለት ሳምንት እየተነበበ ይጻፍ። ጽሑፉ በጠቅላላ ጉባኤ ሲነበብ የትኛው ዕቃ ለአካባቢው እንደሚበጅ አባላቱ ራሳቸው ይፈርዳሉ።

ዋጋም ሲነጻጸር የዕቃው ብቻ መታየት የለበትም። የተሸካሚው እንጨት፣ የምስማሩና የአናጢው ዋጋ ተደምሮ ለካሬ ሜትር ይካፈል፤ ከዚያም ዕቃው ያገለግላል ተብሎ ለሚታሰበው ዓመት ይካፈል። ዛሬ ርካሽ የመሰለው በየሁለት ዓመቱ የሚለወጥ ከሆነ ውድ ነው።

የሥራው ወቅትም ይታሰብበት። ጭዱ ከአውድማ የሚገኘው፣ እንጨቱም ጭቃውም በደንብ የሚደርቀው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ነው። ቆርቆሮው ሲያልበው በግልጽ የሚታየውም በእነዚሁ ብርዳማ ንጋቶች ስለሆነ ምርመራውንና ሥራውን ማቀናጀት ይቻላል። ወንፈልና ደቦ ባለበት አካባቢ የጉልበቱ ችግር ይቃለላል፤ በቅድሚያ መታየት ያለባቸው ግን አቅመ ደካሞች፣ ሕፃናት ያሏቸው እናቶችና የማኅበሩ የዘር መጋዘን ናቸው።

በመሆኑም እያንዳንዱ የማኅበር መሪ ዘሩ ወደ መጋዘን ከመግባቱ በፊት በአንድ ብርዳማ ንጋት ከጣሪያው ሥር ቆሞ ቀና ብሎ ማየት ይጠበቅበታል። የሚያፈስስ ከሆነ ይጠገን፤ የሚያልበው ከሆነ ነፋስ ይከፈትለትና ይነጠፍበት። ቀጣዩ አዝመራ የሚጀምረው ከማሳው አስቀድሞ ዘሩ ካደረበት ቤት ነውና።